ጭቃህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

«ከጋቢናው» — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ። ቤቴ ሳሪስ፣ ሥራዬ አዳማ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን በፍጥነት መንገዱ ደርሼ እመለሳለሁ። ቅዳሜ ደግሞ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ከሞጆ ወጣ ብሎ ከአስፋልቱ 6 ኪሎ ሜትር ይገባል፤ ግማሹ ጠጠር፣ ግማሹ መረሬ ነው። ስመለስ አንዳንዴ አራት አምስት ኩንታል ጤፍ እጭናለሁ። የመኪናው ጎማ 265/65 አር 17 ነው፤ አራቱም አልቀዋል። ጓደኞቼ «ፒካፕ ይዘህ የቤት መኪና ጎማ? ኤቲ፣ ለአስፋልትም ለአፈርም የሚሆነውን፣ አድርግበት እንጂ» እያሉ ይስቁብኛል። አንድ ነጋዴ ባለ 10 ፕላይ ኤቲ አሳይቶኛል፤ ጥርሱ ያስፈራል። «የ2016 ምርት ነው፣ ትኩስ» ብሎ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥርም አሳየኝ፤ 3416 ይላል። ዋጋም ቀንሶልኛል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?
ከሳሪስ

መልስ፦ ይቅርብህ። ዋናው ምክንያት ግን አንተ ያልጠየቅከኝ ነገር ነው፤ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ እርሳስና ወረቀት ያዝ። ሳሪስ አዳማ ደርሶ መልስ 180 ኪሎ ሜትር በለው። በሦስት ቀን 540። ከተማ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል በሳምንት 150 ጨምርበት። ቅዳሜ ሞጆ ደርሶ መልስ 130። ከአስፋልት ወርደህ የምትነዳው 6 መግቢያ፣ 6 መውጫ፣ በድምሩ 12። ሁሉም ሲደመር 832 ይመጣል። አፈር የምትረግጠው ከመቶ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ጓደኞችህ የሚከራከሩልህ ስለዚያች አንድ ተኩል ነው። የቀረውን ግን የምትነዳው አንተ ነህ።

ያቺንም 12 ኪሎ ሜትር ለሁለት እንክፈላት። ግማሿ መረሬ ነች አልክ። መረሬን በበጋ ማንም ጎማ ያልፈዋል። ሐምሌ ላይ ግን የተለየ ፍጥረት ነው። ወርደህ አይተኸው ታውቃለህ? ጎማው ገና ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዞር ክርክሩ በጭቃ ይሞላል። ጥርስ የሚባል ነገር አይታይም። ከዚያ በኋላ ጎማ መሆኑ ቀርቶ በጭቃ ላይ የሚዞር ጭቃ ይሆናል። ትንሽ ከታገልክ ደግሞ ጭቃው ፓራፋንጎውን ሞልቶ ጎማውን መዞር ይከለክለዋል፤ በእንጨት እየፋቅክ ታወጣዋለህ። ኤቲ እዚህ ቦታ ከተራው ጎማ የሚሻለው በጥቂቱ ነው። በጥርሶቹ መሀል ያለው ክፍተት የሚያጣብቀውን ጭቃ ወርውሮ ለመጣል አይበቃውም። ያንን የሚችለው የጭቃ ጎማ፣ ኤምቲ የሚሉት ነው። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይችልም። መረሬ ላይ የሚያዋጣው ጠዋት ዝናብ ከጣለ እስከ ከሰዓት ፀሐይ መጠበቅ ነው። ወይም መኪናውን ጠጠሩ ላይ አቁሞ 3 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ። እናትህም ቡናውን እስክታፈላ ትደርሳለህ።

«ታዲያ ለምን ኤምቲ አላደርግም?» እንዳትለኝ። እኔ አድርጌዋለሁ። ያኔ የመስክ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ላንድክሩዘር ፒካፕ እነዳለሁ። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ሳገኝ ደስ ብሎኝ አራቱንም ቀየርኩ። ሁለት ሳምንት እንደ ንጉሥ ነዳሁ። ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት፣ ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ ቁልቁል፣ ያንተው ሰፈር ማለት ነው፣ ፊት ለፊቴ ሚኒባስ ሰው ለመጫን ቆመ። ፍሬን ረገጥኩ። ፍሬኑ ያዘ፣ ጎማው አልያዘም። መኪናዬ ምንም ሳትቸኩል፣ እየተንሸራተተች ሄዳ የሚኒባሱን የኋላ መብራት ሳመችው። ረዳቱ ወርዶ ጎማዬን አየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የትራክተር ነው» አለኝ። የመብራቱን ዋጋ ከፈልኩ። ያቺን አነጋገር ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ልጁ ልክ ነበር። አስፋልት ላይ መኪናህን የሚይዘው መንገዱን የሚነካው ላስቲክ ነው። ጥርሶቹ እየተራራቁ በሄዱ ቁጥር መንገዱን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ረጃጅም ጥርስ ደግሞ ፍሬን ስትይዝ ይተጣጠፋል። በዚያ ላይ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ አለ። በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሳሙና ነው።

ኤቲ የሚባለው በአስፋልት ጎማውና በጭቃ ጎማው መሀል ያለ ነው። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይወስዳል። የሚጠቅምህ በጠጠሯ 6 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ስለታም ድንጋይ ሲያጋጥም ወፍራም ጥርሱና ጠንከር ያለው ጎኑ በቀላሉ አይጎዳም። ጤፍ ጭነህ ስትመለስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያስከፍልህ ደግሞ ክብደት፣ ናፍጣና ድምፅ ነው። ድምፁ መጀመሪያ አይሰማም። ከ90 በላይ ስትሄድ የሆነ ቦታ የንብ ቀፎ ያለ ይመስልሃል። ጥርሶቹ ሳይመጣጠኑ ሲያልቁ ቀፎው ያድጋል። አንተ በሳምንት ስድስት ጊዜ በፍጥነት መንገዱ ታልፋለህ። ቀፎውን ይዘህ ነው የምታልፈው።

ስለዚህ እኔ አንተን ብሆን ለዘብ ያለ ኤቲ እገዛለሁ። የአስፋልት ጎማ፣ ኤችቲ፣ ብትገዛም አልፈርድብህም፤ በሒሳቡ ከሄድን እንዲያውም እሱ ነው ልክ። ወደ ኤቲው የማደላው ለጠጠሩና ለጤፉ ብዬ ነው። ለዘብ ያለውን እንዴት ታውቀዋለህ? የጎማውን መሀል እይ። መሀሉ ላይ ጥርሶቹ ተጠጋግተው፣ ከሞላ ጎደል ተያይዘው የሚዞሩ ከሆነ ለአስፋልት የታሰበ ነው። አውራ ጣትህ በጥርሶቹ መሀል እንደ ልቡ የሚገባ ከሆነ ትተኸው ሂድ። «ያስፈራል» ያልከው ጥርስ ደግሞ በግ አያስበረግግም፤ ፍሬን ላይ ነው የሚያስፈራው።

አሁን ወደ 10 ፕላይ። ዱሮ ፕላይ ማለት ጎማው ውስጥ ያለው የክር ንብርብር ብዛት ነበር። ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ ስም ነው እንጂ ውስጡ ዐሥር ንብርብር የለም። እንዲህ ያለው ጎማ ብዙውን ጊዜ ከቁጥሩ በፊት «ኤልቲ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉት። ለከባድ ጭነት የተሠራ ነው። ያንተን መኪና መደበኛ ጎማ ጎን ብታይ ከልኩ ቀጥሎ 112 የሚል ቁጥር ታገኛለህ። አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የኋላዎቹ ሁለቱ ብቻ 2,240 ኪሎ። አምስት ኩንታል ጤፍ 500 ኪሎ ነው። 10 ፕላይ ምን ያደርግልሃል? ከቁጥሩ ጎን ያለችው ፊደል ደግሞ የፍጥነት ነች፤ «ኤስ» 180፣ «ቲ» 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ናቸው። «ኪው» ካየህ 160 ነው። የፍጥነት መንገዱ ጣሪያ 120 ስለሆነ ሁሉም ይበቁሃል።

የ10 ፕላይ ሌላው ጣጣ ንፋሱ ነው። ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከተራው ጎማ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋል። ጎሚስታው ይህን ካላወቀ ወይ ያሳንሰዋል ወይ ያበዛዋል። አንዴ አንዱ የጎማዬን ጎን አንብቦ፣ እዚያ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር ሞላልኝ። ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው፤ የየቀኑ ልክ አይደለም። አዳማ እስክደርስ ጋሪ ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። የአስፋልቱን እያንዳንዷን ስንጥቅ በወገቤ ቆጠርኳት። ያንተ ልክ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ አለ። ለባዶና ለጭነት ለየብቻ ከተጻፈ፣ ጤፍ በምትጭንበት ቅዳሜ የጭነቱን ተከተል። ንፋስ የሚለካው ደግሞ ጠዋት ነው፣ ጎማው ሳይሞቅ። አዳማ ደርሰህ ብታስለካ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። እንዳታስተነፍሰው።

ጓደኞችህ ቀጥለው «ከፍ አድርገው፣ 265/70 ግባበት» ይሉሃል። አውቃቸዋለሁ። 65ቱ 776 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፤ 70ው 803 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከመቶ ሦስት ተኩል ይጠጋል። የፍጥነት መቁጠሪያህ 120 ሲል አንተ 124 እየሄድክ ነው። ለትራፊክ ፖሊሱ «ጎማዬ ነው» ብትለው አይሰማህም። መሪ ስታዞርም ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል። የነበረውን ልክ ግዛ።

አሁን ይቅርብህ ወዳልኩበት ዋና ነገር። 3416።

እነዚህ አራት ቁጥሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚነበቡት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይነግሩሃል። 34ኛው ሳምንት፣ ዓመቱ 16። ነገር ግን 16ቱ የእኛ 2016 አይደለም፤ የፈረንጆቹ ነው! ፋብሪካው እንቁጣጣሽን አያውቅም። 34ኛው ሳምንታቸው ነሐሴያችን ላይ ይውላል። ያ ጎማ የተሠራው ነሐሴ 2008 ነው። ነጋዴው «ትኩስ» ያለህ ዘጠኝ ዓመት ያለፈውን ጎማ ነው።

ነጋዴው ያታለለህ ነው አልልም። እሱም ራሱ ተታሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ስህተት ዓመታት መሪ የጨበጡ ሹፌሮች ሲሠሩት አይቻለሁ። ቁጥሩ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሆነ፣ መኪናህ ላይ ያሉትን ለማየት ከሥር በስልክ መብራት ማየት ሊኖርብህ ይችላል። ወደ እኛ ለመመለስ እንዲህ አድርግ። ሳምንቱ ከ1 እስከ 36 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንስ። ከ37 ጀምሮ ከሆነ 7 ቀንስ፤ መስከረም ገብቷልና።

«ምንም አልተነዳበትም እኮ፣ ጥርሱ ሙሉ ነው» ትለኝ ይሆናል። ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ሙቀትና አየር ያደርቀዋል። የቶዮታ መመሪያ ራሱ፣ ከ6 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ጉዳት ባይታይበትም በባለሙያ ይታይ ይላል። ብዙ ጎማ ሠሪዎችም ከተሠራ 10 ዓመት የሞላውን ጥርሱ ቢኖርም ጣሉት ይላሉ። አንተ በዓመት 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የምትነዳ ሰው ነህ። ያንን ጎማ በእኩለ ቀን፣ በ120፣ ጤፍ ጭነህ ልትፈትነው አትፈልግም። የተቀነሰልህ ዋጋ የዕድሜው ዋጋ ነው። ስለዚህ ሌላ ሱቅ ሂድና ኤልቲ ያልሆነ፣ 112 ወይም ከዚያ በላይ የሚል፣ ከሁለት ዓመት ያልበለጠው ጎማ ፈልግ። አራቱንም አንድ ዓይነት አድርግ። ስታስገባ ባላንስና አላይመንት አሠራ። ከዚያ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዟዙር። በአንተ አነዳድ ይህ በየሦስት ወሩ ነው። ኤቲ ይህ ካልተደረገለት ነው ቀፎው የሚያድገው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ቶዮታ ታኮማ አለኝ፤ ፎር ባይ ፎር አይደለም፣ የኋላው ብቻ ነው የሚስበው። ባለቤቴ ተራራው ላይ ባለችው በቬይል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ስለሚሠራ በወር ሁለት ሦስቴ እሄዳለሁ። ሌላው ጊዜ ከተማ ውስጥ ነኝ። ጎማ ቤት ሄጄ አንዱ ኤቲ ላይ «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚል አየሁ፤ ሌላው ላይ ደግሞ የተራራ ሥዕል አለ። ልዩነት አለው?
ከአውሮራ

መልስ፦ እህቴ፣ አለው። ለሳሪሱ ልጅ ቢሆን ተራራዋን እርሳት ነበር የምለው። ለአንቺ ግን የመጀመሪያው ነገር እሷ ነች።

«ኤም ፕላስ ኤስ» ጭቃና በረዶ ማለት ነው። የጥርሱን አቀራረጽ አይቶ ፋብሪካው ራሱ የሚጽፈው ነው። ባለ ሦስት ጫፏ ተራራ፣ መሀሏ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለባት፣ ጎማው በረዶ ላይ ተሞክሮ አልፏል ማለት ነው። የላስቲኩ ቅመም በብርድ እንዳይደርቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቅመም የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሙቅ አስፋልት ላይ ቶሎ ማለቅ ነው። ቬይል መንገድ ላይ ግን ያስፈልግሻል።

መንገዱን አውቀዋለሁ። ልጄ እዚያው ስለምትኖር በጋቢና ተቀምጬ ሄጃለሁ። የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል። ከዚያ ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሬ ባዶውን ወለል ፍሬን እያለ ሲረግጥ ነበር። ልጄ «አባ፣ ወለሉን ልትበሳው ነው» አለችኝ።

ሕጉም አለ። ሀይዌይ 70 ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ቬይልን ጨምሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ግዴታ አለ። ፎር ባይ ፎር ላልሆነ መኪና ስለ ጎማውም፣ ጎማ ላይ ስለሚጠመጠመው ሰንሰለትም ይናገራል። ጥርሱም ከ16 የኢንች ክፋይ 3ቱን፣ ማለትም 4.8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ መሙላት አለበት። እንግዲህ «ኤም ፕላስ ኤስ»ን ሕጉ ቢያሳልፍልሽ እንኳ፣ እኔ አላሳልፍልሽም። ተራራ ያለባትን ኤቲ ግዢ። ከዚያም ስትሄጂ የታኮማሽ የኋላ ሳጥን ላይ ሁለት ከረጢት አሸዋ አስቀምጪበት፤ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ፣ በደንብ ታስሮ። ባዶ ፒካፕ ከኋላው ቀላል ነው፤ የሚስቡት ጎማዎች ደግሞ እዚያው ናቸው። ሰኔ ላይ አሸዋውን አውርጂ፣ ቤንዚን አይብላብሽ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ዲማክስ ፒካፕ አለኝ፣ ፎር ባይ ፎር። ለአራት ጎማ ገንዘብ ስላልበቃኝ ሁለት አዲስ ኤቲ ገዛሁ። ጎሚስታው «መሪው ፊት ስለሆነ አዲሶቹ ፊት ይሁኑ» ብሎ ፊት አስገባልኝ። ኋላ ያሉት የአስፋልት ናቸው፤ ግማሽ ያህል አልቀዋል። ልክ ነው?
ከሀዋሳ

መልስ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ነገ ጠዋት ተመልሰው ሄደው ወደ ኋላ ያዙሩልኝ።

የጎሚስታው ሐሳብ ለሰሚው ልክ ይመስላል። ግን ዝናብ ላይ የፊቱ ጎማ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሡ ቀስ ብሎ ይመለስልዎታል። የኋላው ሲንሸራተት ግን ፒካፑ ይዞራል። ኋላው ባዶ የሆነ መኪና ሲዞር ደግሞ ለማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ጥርስ ያለው ጎማ ኋላ ይሁን።

ሌላም አለ። አዲሱና ያለቀው ጎማ ቁመታቸው ይለያያል። የጥርሱ ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን የጎማው ቁመት በ12 ይለያል። ፎር ባይ ፎር ሲያስገቡ የፊቱና የኋላው እኩል መዞር ይፈልጋሉ፤ ቁመታቸው ከተለያየ ግን አይችሉም። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ያልፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጥርስ ለጥርስ ይናከሳሉ፤ የሚሰበረውም ከጎማ በጣም የሚወደድ ዕቃ ነው። የቀሩትን ሁለቱን እስኪገዙ ፎር ባይ ፎሩን ለጭቃ ብቻ ያድርጉት። ሲገዙም ያንኑ ስምና ያንኑ ልክ ይግዙ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ስኮርታዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያወረዱት መቼ ነው? እኔ ዘንድሮ አወርዳለሁ ብል ሰንሰለቱ ዝጎ እምቢ አለኝ፤ መንገድ ዳር፣ ክሪክ ገብቶ፣ አንድ ጎማ ተፈትቶ ተቀምጦ። ጎሚስታው ጋ ሲሄዱ እሱንም አስወርደው ንፋሱን ያስለኩ፤ ሰንሰለቱንም ግራሶ ያስቀቡት።